«ፀደቀ» ከመባሉ በፊት፦ መንታ ረቂቆች በአሜሪካ ኮንግረስ እንዴት አንድ ሕግ ይሆናሉ?



በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየስልካችን ሲመላለሱ የነበሩ ሁለት ቁጥሮችን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን፦ «ኤስ 3199» እና «ኤች አር 6600»። ኢትዮጵያን የሚመለከቱ የአሜሪካ ረቂቅ ሕጎች ነበሩ። የደገፈም የተቃወመም ለእንደራሴው ደወለ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰልፍ ወጣ። አንድ ሳምንት «ፀደቀ» ይባላል፣ በሌላው ሳምንት «ወደቀ» ይባላል፤ ኮሚቴ ያሳለፈው ምክር ቤት እንዳሳለፈው ተደርጎ ይወራል። በዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ጉዳዩ አንድ ከሆነ ቁጥሩ ለምን ሁለት ሆነ? ከሁለቱ አንዱ ቢያልፍስ ሌላው ምን ይሆናል?

ጥያቄው ግራ ቢያጋባን አይፈረድብንም። እኛ የምናውቀው አሠራር ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ተመልሶ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ፕሬዚዳንቱ ፈርመውበት በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሳችንን፣ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን፣ በሕግ የሰውነት መብት የሰጠው አዋጅ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባል ሌላ ምክር ቤት ቢኖረንም ሕግ ማውጣት የእሱ ሥራ ስላልሆነ አዋጁ እዚያ ሄዶ እንደገና ድምፅ አልተሰጠበትም። አንድ ቤት፣ አንድ ረቂቅ፣ አንድ ቁጥር።

አሜሪካ ሁለት ሕግ አውጪ ቤቶች አሏት፦ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት። «ኤች አር» የሚለው ምልክት ረቂቁ የተወለደው በተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን፣ «ኤስ» ደግሞ በሴኔት መሆኑን ያመለክታል። ሴናተር በተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ማቅረብ አይችልም፣ የምክር ቤቱ አባልም በሴኔት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ያለው ሰው በወዲያኛው ቤት ወዳጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ያንኑ ጽሑፍ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ያስገባሉ። እነዚህ ናቸው መንታ ረቂቆች የሚባሉት።

መንታ ማቅረቡ ግዴታ አይደለም። ጥቅሙ ጊዜ ነው። አንድ ኮንግረስ ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ጃንዋሪ 3 ቀን ሲያበቃ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይሞታል፣ አዲሱ ኮንግረስ ከዜሮ ይጀምራል። አንዱ ቤት እስኪጨርስ ሌላው እጁን አጣጥፎ ከሚጠብቅ፣ ሁለቱ ኮሚቴዎች ያንኑ ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢመረምሩት ወራት ይተርፋሉ። ድጋፍ በሁለቱም በኩል እንዳለ ማሳያም ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ሁለቱ መንትዮች እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቤት ቢያልፉ ሕግ ወጣ ማለት ነው? አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 7 አንድ ረቂቅ ሁለቱንም ቤቶች አልፎ ለፕሬዚዳንቱ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 በሰጠው ውሳኔ ሁለቱ ቤቶች ማፅደቅ ያለባቸው ያንኑ ጽሑፍ በትክክል እንደሆነ አስረግጧል። «ሁለታችንም በሐሳቡ ተስማምተናል» ማለት ዋጋ የለውም፤ ቃሉ አንድ መሆን አለበት፣ ቁጥሩም አንድ።

ሸሪዓ ትምህርት ላይ ለቆየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የሐዲስ ዑለማዎች ሪዋያን ሁለት አድርገው ይከፍሉታል፦ በለፍዝ፣ ማለትም እንደተሰማው ቃል በቃል የተላለፈ፣ እና በመዕና፣ ማለትም ሐሳቡ ተጠብቆ በሌላ ቃል የተላለፈ። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ቋንቋውንና ሐሳቡን ጠንቅቆ ለሚያውቅ በመስፈርት ፈቅደዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ በመዕና አይቀበልም፤ ለፍዝ ብቻ ነው። ኪታብ የገለበጠ ደረሳ ቅጂውን ከሸኹ ኪታብ ጋር ቃል በቃል ሳያመሳክር አይቀራበትም፤ በዓረብኛ ሙቃበላ የሚሉት ነው። በኮንግረስም ይህንኑ የሚሠሩ ጸሐፊዎች አሉ።

እነሱም ግን ይሳሳታሉ። በ2006 መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ የበጀት ቅነሳ ረቂቅ ከሴኔት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሲተላለፍ፣ መንግሥት ለአረጋውያን የሚከፍለውን የሕክምና መሣሪያ ኪራይ በሚመለከተው ቦታ ላይ ሴኔት ያፀደቀው «13 ወር» ሲሆን በጸሐፊ ስህተት «36 ወር» ተብሎ ሄደ። ምክር ቤቱ «36» በሚለው ላይ 216 ለ214 ድምፅ ሰጠ። ለፊርማ ሲዘጋጅ ስህተቱ ተስተውሎ ወደ «13» ተመለሰ፣ ፕሬዚዳንት ቡሽም ፌብሩዋሪ 8 ቀን ፈረሙ። እንግዲህ የተወካዮች ምክር ቤት በፍፁም ያላፀደቀው ጽሑፍ ሕግ ሆኖ ወጣ። ክስ ቀረበ። ፍርድ ቤቶቹ ግን በ1892 በተሰጠ የቆየ ውሳኔ ተደግፈው የሁለቱ ቤቶች መሪዎች ፈርመው ያረጋገጡትን ሰነድ ከጀርባው ሄደን አንመረምርም አሉ። ሕጉ ፀና። ሁለት አሃዝ ይህን ያህል ካወዛገበ፣ ሙሉ አንቀጽ ቢለያይ ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ነገሩ ሳይሰናከል ሲሄድ እንዴት እንደሆነ በአጭሩ ለማየት የጁንቲንዝ በዓል ጥሩ ምሳሌ ነው። ጁን 19 የጥቁሮች ከባርነት ነፃ የመውጣት መታሰቢያ ሆኖ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን በ2021 ሁለት መንታ ረቂቆች ቀረቡ፦ በሴኔት የኤድ ማርኪ ኤስ 475፣ በምክር ቤቱ የሺላ ጃክሰን ሊ ኤች አር 1320። ሴኔት ጁን 15 የራሱን አሳለፈ። ምክር ቤቱ በማግሥቱ የራሱን ረቂቅ አላነሳም፤ የሴኔቱን ኤስ 475 ወስዶ 415 ለ14 አፀደቀው። ፕሬዚዳንት ባይደን ጁን 17 ፈረሙ። ሺላ ጃክሰን ሊ ለዓመታት የታገሉለት ረቂቅ በቁጥሩ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ የጠየቁት ግን ሕግ ሆነ። እሳቸውም በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ነበሩ። አንዱ መንታ ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ ሌላው ሕግ ሊሆን ይችላል ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ከዚህ ይልቅ የኡይጉር ወንድምና እህቶቻችን ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል፤ መንገዱ ረጅምና ወጣ ገባ የበዛበት ነበርና።

በቻይና ዢንጂያንግ ግዛት ኡይጉሮችና ሌሎች ሙስሊሞች በካምፕ ሲታጎሩ፣ ከካምፕ ውጭ ያሉትም በመንግሥት ዕቅድ ወደ ፋብሪካና ማሳ ለግዳጅ ሥራ ሲላኩ፣ የሚመረተው ጥጥ፣ ቲማቲምና ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚውለው ፖሊሲሊከን ለዓለም ገበያ ይቀርብ ነበር። በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል የቆየ ሕግ ቢኖርም፣ እያንዳንዱ ጭነት በግፍ መመረቱን የማስረዳቱ ሸክም በጉምሩክ ላይ ነበር። ገለልተኛ መርማሪ በማይገባበት አገር ይህን ማስረዳት የማይታሰብ ነው። አዲሱ ሐሳብ ሸክሙን ገለበጠው፦ ከዢንጂያንግ የመጣ ዕቃ ሁሉ በግዳጅ ሥራ እንደተመረተ ይቆጠራል፣ አይደለም የሚል አስመጪ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያቅርብ። ፊቅህ የተማረ ሰው ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ መሆኑን ስለሚያውቅ ይህን ሲሰማ ቅንድቡን ያነሳ ይሆናል። እኛ ግን ማስረጃው ሁሉ በአንዱ ወገን እጅ ተቆልፎ ባለበት ሁኔታ ሸክሙ ወደዚያው ወገን መዞሩ ፍትሐዊ ነው ባዮች ነን።

ሐሳቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2020 በመንታ ረቂቅ ቀረበ። በምክር ቤቱ የማሳቹሴትሱ ጂም ማክገቨርን፣ በሴኔት የፍሎሪዳው ማርኮ ሩቢዮ አቀረቡት። ምክር ቤቱ ሴፕቴምበር 22 ቀን 406 ለ3 በሆነ ድምፅ አፀደቀው። በየቦታው «ኮንግረስ ለኡይጉሮች ሕግ አፀደቀ» ተባለ። ሴኔት ግን ድምፅ አልሰጠበትም። ጃንዋሪ 3 ቀን 2021 ኮንግረሱ ሲያበቃ 406ቱም ድምፅ አብሮ ተቀበረ።

በአዲሱ ኮንግረስ እንደገና ተጀመረ። ሩቢዮ ከኦሬጎኑ ጄፍ መርክሊ ጋር ኤስ 65ን፣ ማክገቨርን ደግሞ ኤች አር 1155ን አቀረቡ። ስማቸው አንድ፣ ዓላማቸው አንድ። ሴኔት ጁላይ 14 ቀን ኤስ 65ን ያለ ተቃውሞ አሳለፈ። ምክር ቤቱ ዲሴምበር 8 ቀን ኤች አር 1155ን 428 ለ1 አፀደቀ። በዚያ ምሽት ዜናውን ያየ ሰው ሁለቱም ቤቶች አፅድቀዋል፣ ነገሩ አልቋል ቢል አይገርምም። በሕግ ዓይን ግን ምንም አልተፈጠረም። ሴኔት ያፀደቀውን ምክር ቤቱ አላፀደቀም፣ ምክር ቤቱ ያፀደቀውን ሴኔት አላፀደቀም። መንትዮቹ እያደጉ መልካቸው ተለያይቷል።

ልዩነቱ ምን ነበር? አንዱ የቀን ቁጥር ነው። በሴኔቱ ጽሑፍ እገዳው የሚጀምረው ሕጉ ከወጣ ከ300 ቀናት በኋላ ነበር፣ በምክር ቤቱ ከ120 ቀናት በኋላ። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ለአስመጪ ኩባንያ ስድስት ወር የሚሆን ተጨማሪ ገበያ ነው፣ ጥጥ ለቃሚዋም በእነዚያ ወራት ማሳው ላይ ናት። የምክር ቤቱ ጽሑፍ በተጨማሪ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ከዢንጂያንግ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድድ ነበር፤ የሴኔቱ ይህ አልነበረውም። ትላልቅ ኩባንያዎች ረቂቁ እንዲለዝብ ይወተውቱ እንደነበርም በወቅቱ ተዘግቧል።

እንዲህ ሲሆን መውጫው ሦስት ነው። አንዱ ቤት የሌላውን ጽሑፍ እንዳለ ይቀበላል፤ ወይም አንዱ የሌላውን አሻሽሎ ይመልሳል፣ ያም ካልተስማማው ደግሞ አሻሽሎ ይልካል፤ ወይም ከሁለቱም የተውጣጣ የጋራ ኮሚቴ ይሰየማል። ማክገቨርንና ሩቢዮ ግን ጊዜው ስላጠረ ተደራድረው አንድ አዲስ ጽሑፍ አዘጋጁ። ቀኑ 180 ሆነ፣ የአክሲዮን ገበያው ግዴታ ወጣ። ይህ ጽሑፍ በአዲስ ቁጥር፣ ኤች አር 6256 ተብሎ ዲሴምበር 14 ቀን ቀረበ፤ በዚያው ቀን ምክር ቤቱ በቃል ድምፅ አሳለፈው። አዎ፣ በአንድ ቀን ቀርቦ በአንድ ቀን አለፈ። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም፤ የሁለት ዓመት ድካም ግን በውስጡ ነበር።

ሴኔት ላይ ሌላ ጣጣ ተነሣ። አንድ ረቂቅ በፍጥነት እንዲያልፍ የሁሉም ሴናተሮች ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻ «እቃወማለሁ» ካለ ይቆማል። ዲሴምበር 15 ቀን አንድ ሴናተር ተቃወመ። የኡይጉሮችን ረቂቅ ጠልቶ አልነበረም፤ ለልጆች አሳዳጊዎች የሚሰጠው የግብር ቅናሽ እንዲራዘም የያዘውን ጥያቄ ለማሳለፍ ነበር። በማግሥቱ ተስማሙና፣ በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው የታጩት ሰው ሹመት በፀደቀበት በዚያው ቀን፣ ኤች አር 6256 ያለ ተቃውሞ አለፈ። ፕሬዚዳንት ባይደን ዲሴምበር 23 ቀን 2021 ፈረሙ። ቀኑ ተቆጥሮ ሕጉ ጁን 21 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ። አልሐምዱሊላህ።

ጥያቄው ተቀባይነት ቢያገኝም መንታው የማይጠቅምበት ጊዜ እንዳለም መታወቅ አለበት። በ2017 የበርካታ ሙስሊም አገሮችን ዜጎች፣ ከጎረቤቶቻችንም ሶማሊያንና ሱዳንን፣ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ያገደውን ትእዛዝ አስታውሱ። ባይደን ሥልጣን በያዙበት ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ሻሩት። ነገር ግን በፕሬዚዳንት ብዕር የተሻረ በሌላ ፕሬዚዳንት ብዕር ይመለሳልና፣ በሃይማኖት ምክንያት እንዲህ ያለ እገዳ እንዳይጣል የሚከለክል መንታ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ በምክር ቤቱ የጁዲ ቹ፣ በሴኔት የክሪስ ኩንስ። ምክር ቤቱ ኤፕሪል 21 ቀን 2021 ላይ 218 ለ208 አፀደቀው። በሴኔት ያለው መንታ ድምፅ ሳይሰጥበት ኮንግረሱ አበቃ። ለጽሑፉ አንድነት ችግር አልነበረም፤ የጎደለው የሴኔት ድምፅ ነው። መንታ ረቂቅ መንገድ ያሳጥራል እንጂ ድምፅ አይፈጥርም።

በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ያለው አሠራር ደግሞ ከዋሽንግተን ይለያል፣ ሰዎቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። በሚኒሶታ መንታ ረቂቅ የተለመደ ነው። ከአንዱ ቤት ያለፈ ረቂቅ ወደ ሌላው ሲመጣ እዚያ ካለው መንታው ጋር ይመሳከራል፤ ቃል በቃል አንድ ከሆኑ የመጣው በነባሩ ቦታ ይተካል፣ ነባሩ የደረሰበትን ደረጃም ይወርሳል። ኮሚቴ እንደ አዲስ አይዞርም። በሜሪላንድ፣ ማለትም ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን በሚተዳደሩበት ሕግ ደግሞ፣ ምክር ቤቱ በዓመት የሚሰበሰበው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ መንታ ማቅረቡ ይበረታል። አንዳንዴ ሁለቱም መንትዮች ሁለቱንም ቤቶች አልፈው ገዢው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳሉ። ገዢው ሁለቱንም የሚፈርሙበት ጊዜ አለ። ሌላ ጊዜ አንዱን ፈርመው ሌላውን ቬቶ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም በደብዳቤው ላይ ይገለጻል፦ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ረቂቅ ስለተፈረመ አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ ሰው «ገዢው ረቂቃችንን ጣሉት» ብሎ በመስጂድ ቡድን ላይ ቢለጥፍ፣ ለሕጉ የደከሙት ሰዎች ደስታ በሰዓታት ውስጥ ወደ ሐዘን ይለወጣል። ከመለጠፍ በፊት መንታውን መፈለግ ነው።

ወደ ተነሣንባቸው ሁለት ቁጥሮች እንመለስ። ኤስ 3199 በኖቬምበር 2021፣ ኤች አር 6600 በፌብሩዋሪ 2022 ነው የቀረቡት። ብዙዎቻችን እንደ መንታ አየናቸው። ጽሑፋቸው ግን አንድ አልነበረም፤ ርእሳቸው እንኳ ይለያያል፣ የምክር ቤቱ «ዲሞክራሲ» የሚል ቃል ጨምሯል። የአጎት ልጆች ነበሩ ብንል ይቀርባል። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው በሙሉ ጉባኤ ቢያልፉ ኖሮ እንኳ አንድ ጽሑፍ የማድረጉ ሥራ ገና ይቀር ነበር። ሁለቱም ግን በሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥባቸው ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ኮንግረሱ ሲያበቃ አበቁ። «ፀደቀ» የተባለው የኮሚቴ እርምጃ ነበር።

ወደፊት እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደርሳችሁ ኮንግረሱ ራሱ በሚያዘጋጀው፣ ለማንም ክፍት በሆነው የረቂቆች መዝገብ፣ በኮንግረስ ዶት ገቭ፣ ቁጥሩን አስገቡ። «ተዛማጅ ረቂቆች» የሚል ክፍል አለው፤ እዚያ ላይ በሌላው ቤት ያለው ረቂቅ «ተመሳሳይ» ተብሎ ከተመዘገበ ጽሑፉ አንድ ነው ማለት ነው፣ «ተዛማጅ» ብቻ ከተባለ ግን ልዩነት አለና ሁለቱንም ማንበብ ይጠይቃል። ለሙከራ ኤስ 65ን ብትፈልጉ «በሴኔት አልፏል» ይላችኋል፣ ኤች አር 1155ን ብትፈልጉ «በተወካዮች ምክር ቤት አልፏል» ይላችኋል፤ ሁለቱም ሕግ አልሆኑም። ተዛማጆቻቸውን ስትከፍቱ ኤች አር 6256ን ታገኛላችሁ፣ ከጎኑም «ሕግ ሆኗል» የሚለውን ቃል።